በካሴቱ ጥግ ያለው ውሻ

በ1888 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተፈጸሙ። አንደኛውን ፊደል የቆጠረ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነው ነው። ሁለተኛው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ፓሪስ ከተማ በአንድ ካፌ ምድር ቤት ውስጥ ሆነ። የአምባላጌ ድል ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ የምኒልክ ሠራዊት ወደ ሰሜን ይተማል። በዚያች ዕለት ሉሚየር የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ የመግቢያ ከፍለው ለገቡ ጥቂት ሰዎች አሥር አጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች አሳዩ። አንዷም እንኳ አንድ ደቂቃ አትሞላም። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች የሲኒማን ልደት የሚቆጥሩት ከዚያች ቀን ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን በሥዕሎቹ ውስጥ የታየው ነገር ነው። በመጀመሪያው ፊልም ሠራተኞች ከፋብሪካ በር ሲወጡ ይታያሉ። ሴቶቹ ረጃጅም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲጣደፉ፣ አንድ ውሻ በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ይዘላል። በሌላው ፊልም ደግሞ ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ ኦጉስት ሉሚየር፣ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሕፃን ልጁን ሲያበላ እናያለን። እንግዲህ ሲኒማ ሲወለድ የቀረጸው የሰፈር ውሻና የቤተሰብ ገበታ ነው ማለት ነው። ፈረንጆቹ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ፊልም ስም አውጥተውለት፣ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው ያኖሩታል። እኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የቤት ፊልም» ብዬ እጠራዋለሁ።

ወደ እኛ አገር ሲኒማ የገባው በሌላ በር ነው። ከአድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ መሣሪያው ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ተመልካቾቹ ንጉሠ ነገሥቱ፣ መኳንንቱና መሳፍንቱ ነበሩ። ቆየት ብሎ ለሕዝብ የሚያሳይ አዳራሽ ሲከፈት ደግሞ ሕዝቡ ስሙን «ሰይጣን ቤት» አለው። በጨለማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ከሰይጣን በቀር ከማን ሊመጣ? ካሜራውም ቢሆን ወደዚህ አገር ሲመጣ ዓይኑን ያነጣጠረው ወደ ላይ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር ከውጭ የመጡ ቀራጮች ካባውን፣ ሠረገላውንና የፈረሰኛውን ሰልፍ ቀረጹ። ተራው ሰው በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የለም አይባልም፤ አለ። ግን ከሩቅ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ እንደ ጤፍ ማሳ ሲወዛወዝ ነው የሚታየው። እሁድ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው የለም።

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ የቤት ፊልም መሣሪያ እየረከሰ ሄደ። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 የ16 ሚሊ ሜትሩን፣ በ1932 የ8 ሚሊ ሜትሩን ፊልም ለገበያ አቀረበ። በ1965 ደግሞ ሱፐር 8 የሚባለው መጣ። ካርቶሪጁን ካሜራው ውስጥ ወተፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ አባወራው ክር ማስገባት መማር አላስፈለገውም። በዚህ ሁኔታ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አባቶች እሁድ እሁድ ልጆቻቸውንና ውሾቻቸውን ሲቀርጹ ኖሩ። አብዛኛው ፊልም ለሌላ ሰው አሰልቺ ነው። ይሁንና አሰልቺ ነው ተብሎ የሚናቀው መሣሪያ አንዳንዴ የታሪክ ምስክር ይሆናል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ዳላስ ላይ ሲገደሉ አደጋውን ከሁሉ አጥርቶ የቀረጸው የዜና ድርጅት አይደለም፤ የሴት ልብስ የሚያሰፋ ዛፕሩደር የተባለ ነጋዴ በ8 ሚሊ ሜትር የቤት ካሜራው ነው። ፊልሙ 26 ሰከንድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ለዚያች ፊልም 16 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በቀብሩ ላይ ከአስከሬኑ በስተኋላ ከተሰለፉት የአገር መሪዎች መካከል የእኛው ንጉሠ ነገሥት እንደነበሩም በዜና ፊልሞቹ ላይ ይታያል።

ለመሆኑ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ የቤት ካሜራ የነበረው ማን ነው? ከቤተ መንግሥትና ከጥቂት ባለጸጎች ባሻገር፣ በአብዛኛው የውጭ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ከ270 በላይ ሆነው መጡ፤ በየአውራጃው ተበተኑ። አስመራ በነበረው ቃኘው ጣቢያ ደግሞ አሜሪካውያን ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች የቀረጿቸው ፊልሞች አንዳንዶቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ስለተለቀቁ ተመልክቻቸዋለሁ። አንድ ነጭ ልጅ ቡችላ አቅፎ ይስቃል። ከበስተኋላው አንዲት ሠራተኛ ልብስ ታሰጣለች። ካሜራው ለቡችላው ሲል ወደ ቀኝ ሲዞር ሴትዮዋ ለሦስት ሰከንድ ፊቷ ይታያል፤ ከዚያ ትጠፋለች። የዚያች ሴት ልጆች ዛሬ በሕይወት ካሉ፣ እናታቸው ስትንቀሳቀስ የምታሳየው ብቸኛ ሥዕል በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ሰው ቤት ቆጥ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

አሁን ስለ ቤተ መንግሥቱ ውሻ ላንሳ፤ ምክንያቱም በአገራችን ታሪክ ውስጥ እንስሳን መውደድና ፊልም ጎን ለጎን ቆመው የተፈረደባቸው አንድ ሌሊት አለና።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንስሳ ይወዱ ነበር። አንበሶቻቸው የታወቁ ናቸው፤ በ1940 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የተቋቋመው አንበሳ ግቢ የእርሳቸው ሥራ ነው። (በነገራችን ላይ የውጭ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ ግቢ የ15 አንበሶችን ዘር መርምረው፣ በዘረመል ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ለክብር ምልክት ተብሎ የተያዘው እንስሳ ሳይታሰብ የዘሩ መዝገብ ሆኖ ተገኘ።) ከአንበሶቹ ይልቅ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚቀርበው ሉሉ ነበር። ሉሉ ቺዋዋ ከሚባለው ዝርያ የሆነ፣ በአንድ እጅ መዳፍ ሊያዝ ምንም የማይቀረው ውሻ ነው። በእቅፋቸውና በእግራቸው ሥር ሆኖ የተነሣው ፎቶግራፍ ብዙ ነው። ሲሞትም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቅጽር ግቢ መቃብር ተሠርቶለታል።

ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለም ጉድ አለ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ሆኖም እንዳለ አላስተላለፈውም። በረሃብ የተቆራመደው ሕፃን ይታይና ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል፤ የሚቀበር አስከሬን ይታይና ወዲያው ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ይታያል። ንጉሡም ያንን ምሽት ቴሌቪዥን እንዲመለከቱ ተነግሯቸው ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

እኔ ለንጉሡ ጥብቅና አልቆምም። ወሎ ላይ ያለቀው ሕዝብ ደም የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ያንን ምሽት ፊልሙን አይተው ያለቀሱ ሰዎችም ያለቀሱት ተታልለው አይደለም። ግን ሁለቱን ሥዕሎች የቀጠለውን መቀስ እናስተውል። ሽማግሌ ውሻውን ሲያበላ የሚያሳይ ፊልም በሌላ አገር፣ በሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ የቤተሰብ አልበም ነው። እዚህ ግን አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ካያቸው የመጀመሪያዎቹ የቤት እንስሳ ፊልሞች አንዱ የዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ከሥዕሉ ጎን የሚቆም ሌላ ሥዕል ስላልነበረም ነው እንዲያ ሊሆን የቻለው። ያኔ አንድ የልደታ ወይም የጉለሌ ሰው ከውሻው ጋር ሲጫወት የሚያሳይ ፊልም ቢፈለግ ከየት ይመጣል? ውሻ መውደድ የባለጸጋ ጠባይ የመሰለው ድኻው ስላልወደደ ሳይሆን ድኻውን የቀረጸው ስላልነበረ ነው።

ይህን ስል «እኛ ውሻ የት እንወዳለን? ከደጅ አሳድረን፣ ፍርፋሪ ወርውረን» የሚለኝ አይጠፋም። ቋንቋችንም ያግዘዋል። ፈላጊ የሌለው ሟች ደሙ «ደመ ከልብ» ሆነ ይባላል፤ የውሻ ደም፣ ማንም የማይመልሰው። ከእንስሳ ሁሉ ስም የተከበረለት ፈረስ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፤ ጌታው ሁሉ በፈረሱ ስም ይጠራል፣ ይፎከርለታል። የውሻ ስም ግን ከግቢ አጥር አይሻገርም። ቢሻገርም ለነገር ነው። በሰፈራችን አንድ ሰው ውሻውን «ምን አገባህ» ብሎ ሰይሞት፣ ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር ቆሞ በጎረቤቱ አቅጣጫ ሲጣራ ያመሽ ነበር።

እኔ የተወለድኩት ልደታ ማርያም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗን ሳይሆን በስሟ የሚጠራውን ሰፈር ማለቴ ነው። ዛሬ ልደታ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታወሰው ፍርድ ቤቱና ኮንዶሚኒየሙ ነው። ለአያቴ ግን ልደታ አውሮፕላን ነበር። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ነበርና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሣው ከዚህ ሜዳ ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የሚባሉት ጄቶች ሲመጡ ግን ሜዳው አይበቃቸውም ነበርና በረራው ወደ ቦሌ ዞረ። አያቴ በልጅነቷ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከእኩዮቿ ጋር ጋራው ላይ ተቀምጠው ዳኮታ ሲነሣ ማየት የሳምንቱ ትልቁ መዝናኛ እንደነበር ትነግረን ነበር። ከብት ሜዳው ላይ ከገባ መጀመሪያ የሚባረረው ከብቱ ነው፤ ከዚያ ልጆቹ፤ ከዚያ ነው አውሮፕላኑ የሚነሣው። ይህንን የሚያሳይ ፊልም አለ ወይ ብትሉኝ፣ ከአውሮፕላን የሚወርዱ እንግዶችን የሚያሳይ ፊልም አለ። ከሜዳው የሚባረሩ ልጆች ያሉበትን እስከ ዛሬ አላየሁም።

የእኔ ቅዳሜና እሁድ ያለ አውሮፕላን ያለፈ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ይታጠባል። ልብሱ ከታጠበበት አረፋ በተረፈው ውሻው ይታጠባል፤ ይህ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ሥራ ነው። ውሻችን ዳማ ይባላል። ስሙን ያወጣው አያቴ ነው፤ በወጣትነቱ ፈረስ ይወድ ስለነበር ለቡናማ ውሻ የፈረስ መልክ ስም ሰጠው። ዳማ የሚበላው ከእኛ የተረፈ ፍትፍት ነው፤ በዓል ሲሆን ከሥጋ ቤት የሚመጣ ቅንጥብጣቢ ይጨመርለታል። ቤት ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ሆኖም የሳሎናችን ደፍ ላይ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ወደ ውስጥ፣ ቀሪ ሰውነቱን ወደ ውጭ አድርጎ መተኛትን ተምሮ ነበር። እናቴ «ሕግ ያወቀ ውሻ» ትለዋለች፤ ፍርድ ቤት ሰፈር ስለተወለደ ነው እያለች ትስቃለች። እሁድ ማታ ጎረቤት ሳይቀር ቴሌቪዥን ለማየት ይሰበሰባል። ያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ልጆችን በተረት ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ገና ከመስኮቱ አልወረዱም ነበር። ተረታቸው ውስጥ እንስሳ ሁሉ ይናገራል። ወንድሜ ተረቱ ሲያልቅ ወደ ደፉ ሄዶ ዳማን ያናግረው ነበር።

ይህ ሁሉ በቪዲዮ አልተቀረጸም። በእኛ ሰፈር ቪዲዮ የሚቀረጸው ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ነው። ካሜራ የሚኖረው ማንም የለም፤ በገንዘብ ይከራያል፣ ከነቀራጩና ከነመብራት ያዡ። ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ደግሞ ለቁም ነገር መዋል አለበት። ሰው መብራቱ ሲያርፍበት ጉርሻውን አቁሞ እንደ ፎቶ ይደርቃል። የአዲስ አበባ የሰርግ ካሴት ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ የደረቁ ሰዎች ሰልፍ።

የአክስቴ ሰርግ ጥር 1993 ዓ.ም. ነበር። የቪዲዮ ካሴቱን ከዓመታት በኋላ ደጋግሜ ሳየው የገባኝ ነገር፣ ዋጋ ያለው ክፍል ሙሽራዋ ከመምጣቷ በፊት ያለው መሆኑን ነው። ቀራጩ መብራቱንና ካሜራውን ሲሞክር፣ ማንም «እየተቀረጽኩ ነው» ሳይል፣ አራት ደቂቃ ያህል ግቢያችንን ቀርጿል። እናቴ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ በእጇ መገልበጫ ዓይኗን እየጠረገች ሽንኩርት ትከትፋለች። አያቴ ጋቢ ለብሶ ከኮኩ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የድንኳኑ ቋሚ እየተተከለ ነው። የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር፣ በላዩ የተሰጣው አንሶላ፣ ከእርሱ በላይ የልደታ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች። በሥዕሉ ግራ ጥግ ደግሞ ዳማ፣ እንግዳ ስለበዛ በገመድ ታስሮ፣ ወደሚወደው ሰው ሁሉ ጭራውን እየቆላ ይቁነጠነጣል። አንዲት ነጠላዋን ያደገደገች ሴት ስታልፍ ጎንበስ ብላ አጥንት ትጥልለታለች። ከዚያ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ ካሜራው ወደ በሩ ይሮጣል፤ የምናውቀው ሰርግ ይጀምራል።

ሁለተኛው ካሴታችን ሌላ ዓይነት ነው። በ1995 ዓ.ም. አሜሪካ የሚኖር አጎቴ ለፋሲካ መጥቶ ግንቦት ልደታን እዚሁ ዋለ። በመዳፉ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ነበረችው። ግንቦት 1 በእኛ ሰፈር እንዴት እንደሚከበር ለማያውቅ አንባቢ፦ እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ ከተራራ ላይ ነው ስለሚባል፣ ሰውም በዚያች ቀን ከደጅ ወጥቶ ነው የሚበላው። ጎረቤት ገንዘብና እህል ያዋጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላው ይወጣል፣ መንገዱ ዳር ሰሌን ይነጠፋል። በዚያ ዓመት ቀኑ ዓርብ ዋለ፤ በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ግን ጾም አልነበረም፤ ውሾቹም ድርሻቸው አልቀረባቸውም። አጎቴ ዓርብን ቀረጸ፤ ቅዳሜንም ቀረጸ፤ እሁድንም ቀረጸ። እኛ ሳቅንበት። ንፍሮ ሲፈላ ይቀርጻል፤ ልጅ ሲያለቅስ ይቀርጻል፤ እኔና ወንድሜ ዳማን ስናጥበው፣ ዳማ ውሃውን አራግፎ የአያቴን ጋቢ ሲያረጥበው፣ አያቴ ሲቆጣ፣ ከዚያ ሳያስበው ሲስቅ ይቀርጻል። አንዲት ጎረቤት «ምነው ይኼ ልጅ፣ አሜሪካ ሰው የሚቀረጽ ነገር የለም እንዴ?» አለች። ድምጿ ካሴቱ ውስጥ አለ። ኮፒውን ከወራት በኋላ በሰው እጅ ሲልክልን አንዴ አይተን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የልደታ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነባሩ ሰፈር ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት ብዙው ቤት ያረጀ ጭቃ ቤት ነበር፤ መጸዳጃው የጋራ፣ መንገዱ ክረምት ሲሆን የማያስኬድ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከእንፋሎትና ከጭስ የተገላገሉ ሰዎች «እሰይ» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ እናቴም አንዷ ነበረች። እኛ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማው ባቡር ሲያገኝ ልደታ ላይ ፌርማታ ተሠራ። ባቡሩ ላይ ሆኜ ግቢያችን የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሞክሬአለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ዛፎች በቀር ምልክት የሚሆነኝ አጣሁ።

ስለ ሰፈር መፍረስ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ውሾቹ የጻፈ ግን አላየሁም። በግቢ የኖረ ውሻ ፎቅ አይወጣም። አንድ መቶ ግቢ ሲፈርስ ቢያንስ ሃምሳ ውሻ ሜዳ ላይ ይቀራል። እነዚያ ውሾች ባለቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላ ለሳምንታት የፈረሰውን ቤት መጠበቃቸውን ቀጠሉ፤ በር ከነበረበት ቦታ ተኝተው አላፊ አግዳሚውን ይጮሁበታል። የሚጠብቁት ግን ግድግዳ የለውም። ዳማ ያን ጊዜ 12 ዓመት አልፎት ነበር፤ የኋላ እግሮቹ ደክመዋል። አያቴም ቀድሞ ሞቷል። ጀሞ ወስደነው በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ለኪዳን ልደታ ስትሄድ ከፍርስራሹ መሐል፣ ደፉ በነበረበት አካባቢ፣ ተኝቶ አገኘችው። ከጀሞ ልደታ ያለውን መንገድ በምን እንዳወቀው እግዜር ይወቀው። አላስነሣችውም። የቦታው ዘበኛ ውሃ እንዲያጠጣው ለምና፣ እርሷም ቅዳሜና እሁድ ምግብ እየያዘች ትሄድ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ዘበኛው እዚያው ቀበረው።

እንግዲህ የሚተርፈው ካሴቱ ነው፤ ካሴት ደግሞ አይተርፍም። የቪዲዮ ክር ማግኔት ነው፤ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጦ እንኳ ከ10 እስከ 30 ዓመት ነው ዕድሜው ይላሉ ባለሙያዎች። የአዲስ አበባ አቧራና የቁም ሣጥን ላይ ሙቀት ጥሩ ሁኔታ አይባልም። ክሩ ባይበላሽ እንኳ የሚያጫውተው ዴክ የለም፤ የመጨረሻው የዴክ አምራች፣ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ምርቱን አቁሟል። በልደታ፣ በጌጃ ሰፈርና በሰንጋ ተራ የፈረሱ ግቢዎች ውስጣቸው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ በእኔ ግምት፣ ከመቶ ዘጠናው ያለው በእንደዚህ ዓይነት የሰርግ ካሴት ውስጥ ነው። የዜና ካሜራ የገባው ሲፈርስ ነው።

ካሴቶቻችንን ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ ሁለት ሱቅ ሄጄ ነበር። ሁለቱም ሱቅ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከየት እስከ የት ይቆረጥልዎት?» አሠራሩ እንዲህ ነው ይላሉ። ደንበኛ የሰርግ ካሴት ያመጣል፤ ረዘመብኝ ይላል፤ ባለ ሱቁ «የማይረባውን» አውጥቶ ሙሽራዋ ከምትገባበት ጀምሮ አሳምሮ፣ ሙዚቃ ጨምሮ ይሰጠዋል። የማይረባው የተባለው ደግሞ የትኛው እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ማድ ቤቱ፣ ሽንኩርቱ፣ የሚላላኩት ልጆች፣ ካሜራውን ረስቶ የሚስቀው ሽማግሌ፣ ውሻው። ቀራጩ ሳያስበው ያቆየልንን እኛ አስበንበት እያስቆረጥነው ነው። አንዱን ልጅ «እንዳለ ገልብጠው፤ ሰማያዊው ባዶ መስኮት እስኪመጣ አትንካው» ስለው በጥርጣሬ አየኝ፤ ዋጋው በሰዓት ስለሆነ ግን አልተከራከረኝም።

በሌላው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ የቤት ፊልም ቀን ይከበራል። ሰዎች ያረጀ ፊልማቸውን ከየቁም ሣጥኑ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለሙያ ክሩን ይመረምርላቸዋል፣ በነጻ ይታይላቸዋል፤ የሚያውቁትን ሰውና ቦታ እየጠሩ ይናገራሉ፤ ይመዘገባል። ይህንን እዚህ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ዴክ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የእድር አዳራሽ ይበቃል። ከፈረሱ ሰፈሮች የተበተነው ሰው ዛሬም እድሩን አልተወም፤ ከጀሞም ከየካም ለቀብር ይሰባሰባል። ለካሴትም ሊሰባሰብ ይችላል። የአገር መዝገብ ማኖሪያ የሆነው ወመዘክር የብራና መጻሕፍትና ደብዳቤዎች አሉት፤ የሰርግ ካሴት የሚቀበል መደርደሪያ ቢጨምር ማን ይጎዳል?

እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በበዓለ ኀምሳ ሁለት እሁዶች እናቴንና ሦስት የድሮ ጎረቤቶቻችንን ጀሞ ቤታችን ሰብስቤ፣ አራቱን የግቢ ደቂቃዎች እያቆምኩ፣ የሚታየውን ሰው ስም በደብተር ጻፍኩ። አንሶላው የማን እንደሆነ ታወቀ። የድንኳኑን ቋሚ የተከለው ወጣት ደቡብ አፍሪካ እንዳለ፣ ከበሩ ሥር የቆመችው ልጅ የዛሬ ነርስ እንደሆነች ተነገረኝ። ስለ ዳማ ሲነሣ ሦስቱም ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ አንደኛዋ የነከሳትን ቦታ ሳይቀር አሳየችን። ሃያ ሦስት ሰው ተቆጠረ፤ ሃያ ሁለቱ ስም አገኙ። አጥንቱን የጣለችለትን ሴት ግን አራቱም አላወቋትም። ነጠላዋን ያደገደገችው እንደ ሰፈሩ ሰው ነው፤ ዳማም አይጮህባትም፤ ስለዚህ ቤተኛ ናት። እናቴ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አስመልሳ አይታ «በጀርባዋ አውቃታለሁ» አለች፤ ስሟ ግን አልመጣላትም።